ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ይፈዛል?

በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋናው ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ቦታው ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ወይም በቆርቆሮ የተሠራች ማዕድ ቤት ነው። ወደዚያ የሚሄደው የመብራት መስመርም ግቢው ሲሠራ የታሰበበት ሳይሆን ኋላ ላይ ከዋናው ቤት በቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ የተወሰደ ነው። ምጣዱ ሲሰካ የማዕድ ቤቱ አምፖል ወዲያው ፈዘዝ ይላል፤ ሲነቀል ይመለሳል። ነገሩ ስለተለመደ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ልጅ ቢገኝም «ምጣዱ ብዙ ስለሚበላ ነው» ይባላል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ምንም አያስረዳም። ምጣዱ ብዙ ቢበላ ከመስመሩ ይበላል እንጂ ከአምፖሉ ለምን ይቀማል?

የፊዚክስ መማሪያውን ብንገልጥ ደግሞ ጭራሽ ይህ ነገር መሆን የለበትም። የቤት ዕቃዎች ሁሉ በትይዩ ይገናኛሉ፤ በትይዩ የተገናኙ ዕቃዎች እኩል ቮልቴጅ ያገኛሉ፤ ስለዚህ አንዱ ቢበራም ቢጠፋም ሌላውን አይነካውም ይላል። ተማሪው ይህን ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ቤቱ ሲገባ አምፖሉ ይፈዛል።

ችግሩ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሽቦ ማለት በማስመሪያ የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው፤ ኮረንት አያግድም፣ አይሞቅም፣ ርዝመቱም ግድ አይሰጥም። የግቢው ሽቦ ግን ያግዳል፣ ይሞቃል፣ ሲረዝምም ይብስበታል። ሽቦውን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረን ሥዕሉ ውስጥ ስናስገባው ቤቱ ንጹሕ የትይዩ ሰርኪት መሆኑ ይቀርና ተከታታይም ትይዩም ያለበት ድብልቅ ሰርኪት ይሆናል። በተግባር የሚያጋጥመን ሰርኪት ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ዓይነት ነው። ንጹሑ ተከታታይና ንጹሑ ትይዩ ያሉት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

ለመፍታት የሚያስፈልጉን ሕጎች ሁሉም ከ1850 በፊት የታወቁ ናቸው። ጌኦርግ ኦም በጀርመን ኮሎኝ ከተማ መምህር ሳለ የጀመረውን የሽቦ ልኬት እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አወጣው፦ በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንት በዕቃው ሁለት ጫፎች መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ቮልቴጁን ለኮረንቱ ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር የዕቃው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኮረንትን የማገድ አቅሙ ነው። የአገሩ ሊቃውንት መጽሐፉን በቅዝቃዜ ነበር የተቀበሉት፤ ኮፕሊ የተባለውን ሜዳሊያ የሰጠው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሲሆን ያም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል፣ ኮረንት ሽቦን የሚያሞቀው በኮረንቱ ካሬ ልክ መሆኑን አሳየ። ካሬ የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ የዚህ ምዕራፍ እሳት ሁሉ የሚነሣው ግን ከእሷ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1845፣ በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ጉስታቭ ኪርቾፍ የቀሩትን ሁለት ሕጎች ጨመረ። ወደ አንድ መገናኛ የገባ ኮረንት ሁሉ ከዚያው ይወጣል፤ አንድን ዙር ተከትለን ስንዞር ደግሞ በየዕቃው ላይ የወረደው ቮልቴጅ ተደምሮ ምንጩ ከሰጠው ጋር እኩል ይሆናል። ከዚህ በላይ ሕግ አያስፈልገንም።

በተከታታይ የተገናኙ ዕቃዎች አንድ ኮረንት ይጋራሉ፤ ሌላ መሄጃ የለውምና። ቮልቴጁን ግን ይከፋፈሉታል፤ ሬዚስታንሱ የበለጠ ብዙውን ይወስዳል። የጠቅላላው ሬዚስታንስ በቀላሉ የሁሉም ድምር ነው። በትይዩ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ቮልቴጁ አንድ ነው፣ የሚከፋፈለው ኮረንቱ ነው። ተማሪን የሚያስቸግረው የትይዩ ድምር ነው፤ ዕቃ በተጨመረ ቁጥር ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከትንሹም ያነሰ ይሆናል። እንግዳ ቢመስልም በንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚወጣውን ሕዝብ ማሰብ ይበቃል። ከሰፊው በር ሌላ አንዲት ጠባብ የጎን በር ብትከፈት፣ የቱንም ያህል ብትጠብ፣ ሕዝቡ ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት ይወጣል እንጂ አይዘገይም። ስለዚህ በትይዩ የምንደምረው ሬዚስታንሱን ሳይሆን የማሳለፍ አቅሙን ነው። 1ን ለየሬዚስታንሱ እናካፍላለን፣ እንደምራለን፣ ከዚያ 1ን ለድምሩ መልሰን እናካፍላለን።

አሁን ግቢውን እንሣል። ከዋናው ቤት የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ማዕድ ቤቱ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል፤ ኮረንቱ ሄዶ መመለስ ስላለበት የሽቦው ርዝመት 50 ሜትር ነው። ይህን የመመለሻ መንገድ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ስሌቱም ያኔውኑ በግማሽ ይሳሳታል። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው መዳብ ከሆነ በአንድ ሺህ ሜትር 12 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው፤ ለ50 ሜትር 0.6 ኦም እንያዝለት። ከሽቦው ጫፍ ላይ በትይዩ የተገናኙት ምጣዱና አምፖሉ ናቸው። ምጣዱ ላይ 3,500 ዋት ተጽፏል፤ ዋት ቮልቴጅ ሲባዛ በኮረንት ስለሆነ 220ን በራሱ አባዝተን ለ3,500 ስናካፍል 14 ኦም ገደማ እናገኛለን። አምፖሉ ባለ ክሩ የድሮው 60 ዋት ነው፤ በዚያው ስሌት ሲግል 807 ኦም ይሆናል። እርግጥ የቤታችን ኮረንት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ተለዋዋጭ ኮረንት ነው፤ እንደ ምጣድና እንደ ባለ ክር አምፖል ላሉ በማሞቅ ብቻ ለሚሠሩ ዕቃዎች ግን ስሌቱ ሳይለወጥ ይሠራል።

ድብልቅ ሰርኪት የሚፈታው ከውስጥ ወደ ውጭ እየታጠፈ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተዘረጋ ነው። መጀመሪያ በትይዩ ያሉትን ሁለቱን ወደ አንድ እናጥፋቸው። የ14 ኦምና የ807 ኦም ትይዩ ድምር 13.76 ኦም ነው፤ እንደተባለው ከትንሹ ያነሰ። ይህ አሁን ከ0.6 ኦሙ ሽቦ ጋር በተከታታይ ቆሟል፦ 14.36 ኦም። ሰርኪቱ ሁሉ ወደ አንዲት ቁጥር ታጠፈ። 220ን ለ14.36 ስናካፍል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንት 15.3 አምፔር መሆኑን እናገኛለን።

የብዙ ተማሪዎች ወረቀት የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ጠቅላላውን ኮረንት አግኝተው ሲያበቁ አምፖሉ ላይ 220 ቮልት አስቀምጠው ይቀጥላሉ። 220 ያለው ግን ዋናው ቤት ነው። ሽቦው 0.6 በ15.3፣ ማለትም 9.2 ቮልት በመንገድ ይይዛል። ማዕድ ቤቱ የሚደርሰው 210.8 ቮልት ነው፤ ምጣዱም አምፖሉም የሚካፈሉት ይህንኑ ነው። ለሁለቱ እኩል መድረሱ እውነት ነው፤ መማሪያ መጽሐፉ እዚህ ላይ አልዋሸም። እኩል የደረሳቸው ግን የተቀነሰ ነው።

ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትስ? አምፖሉ ብቻውን ሲሆን ጠቅላላው ሬዚስታንስ 807.6 ኦም፣ ኮረንቱ 0.27 አምፔር፣ ሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ 0.16 ብቻ ነው። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ ሬዚስታንሱም አልተለወጠም። የተለወጠው በውስጡ የሚያልፈው ኮረንት ነው። ምጣዱ አምፖሉን የሚጎዳው በቀጥታ ሳይሆን በጋራ ሽቧቸው በኩል ነው። አምፖሉ የሚሰጠው ኃይል ከ60 ወደ 55 ዋት ይወርዳል፤ ክሩ ስለሚቀዘቅዝም ብርሃኑ ከዚህ በበለጠ መጠን ይቀንሳል፣ ዓይንም ወዲያው ያየዋል።

የተለመደው ኤልኢዲ አምፖል ይህን ላያሳይ ይችላል። ብዙዎቹ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ቢል እኩል የሚያበሩበት ሰርኪት በውስጣቸው አለ። ኤልኢዲን የሚያህል ቆጣቢ የለም፤ ይሁንና ባለ ክሩ አምፖል በሄደ ጊዜ አንድ ነጻ መለኪያም አብሮ ሄዷል። አምፖሉ አልፈዘዘም ማለት ሽቦው አልተጨነቀም ማለት አይደለም።

ስለ ኃይል እናንሣ። የኤሌክትሪክ ኃይል ቮልቴጅ ሲባዛ በኮረንት ነው፤ መለኪያው ዋት። ከላይ ያለውን ሰርኪት በኃይል ብንቆጥረው ምጣዱ 3,174 ዋት፣ አምፖሉ 55 ዋት፣ ሽቦው ደግሞ 141 ዋት ያገኛል። ሲደመር 3,370 ዋት ነው፤ 220 በ15.3 ስናባዛም የሚገኘው፣ የቁጥር መጠጋጋት ከሚያመጣው ጥቂት ልዩነት በቀር፣ ይኸው ነው። ይህን ማረጋገጫ ሁልጊዜ እንዲሠሩት እመክራለሁ፤ ድምሩ ካልገጠመ ስሌቱ አንድ ቦታ ተሳስቷል። የተፈጥሮ ሒሳብ ጉድለት አያውቅም።

141 ዋት ከሁለት የ60 ዋት አምፖል ይበልጣል፤ የሚበላውም ማንም ያልቆጠረው ሽቦ ነው። ሽቦው ከቆጣሪው በኋላ ስለሆነ ክፍያውም የባለቤቱ ነው። ሁለት ሰዓት ቢጋገር 0.28 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይም ገንዘቡ አይደለም። 141 ዋት ሙቀት በ50 ሜትር ሽቦ ላይ ተዘርግቶ አየር ካገኘ ለአንድ ሜትር ከ3 ዋት በታች ነውና ማንንም አይጎዳም። ያው ሽቦ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ከተቀመጠ ወይም ምንጣፍ ከለበሰ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ፕላስቲኩ መለስለስ የሚጀምረው ያኔ ነው።

አሁን ጋጋሪዋ ወጥ ለማሞቅ 1,000 ዋት ምድጃ ከዚያው መስመር ላይ ትሰካ እንበል። ምድጃው 48.4 ኦም ነው። ሦስቱ በትይዩ 10.71፣ ከሽቦው ጋር 11.31 ኦም ይሆናሉ፤ ኮረንቱ 19.4 አምፔር ይደርሳል። ማዕድ ቤቱ 208.3 ቮልት ያገኛል። ምጣዱ ወደ 3,100 ዋት ወረደ፣ ምድጃውም ከተጻፈበት 1,000 ውስጥ የሚያገኘው 897 ነው። እነዚህ ለውጦች መጠነኛ ናቸው። ሽቦውን ይመልከቱ፦ ከ141 ወደ 227 ዋት ዘለለ። ኮረንቱ ከሩብ ትንሽ በላይ ቢጨምር የሽቦው ሙቀት በ61 በመቶ ጨመረ። የጁል ካሬ ማለት ይህ ነው።

ከሽቦው የባሰ ጠንቅ ግን መጋጠሚያው ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ሲጠቀለል፣ የሶኬቱ ቡሎን ሲላላ፣ የዲቫይደሩ ምላስ መንከሱን ሲያቆም፣ ኮረንቱ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ለማለፍ ይገደዳል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ግማሽ ኦም ቢኖረው በሥዕላችን ላይ አንድ ተጨማሪ ተከታታይ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ምድጃው ተነቅሎ ምጣዱና አምፖሉ ብቻ ሲቀሩ ጠቅላላው 14.86 ኦም፣ ኮረንቱ 14.8 አምፔር ይሆናል፤ መጋጠሚያው ላይ የሚቀረው ሙቀትም 110 ዋት ገደማ ነው። የሽቦው 141 ዋት በ50 ሜትር ላይ ተሰራጭቶ ነበር፤ ይህ 110 ዋት ያለው ከሽምብራ ፍሬ በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበት መበየጃ 40 ወይም 60 ዋት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ሶኬቱ ለምን እንደሚጠቁር ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጋለ ብረት ደግሞ ይዝጋል፤ የዛገ መጋጠሚያ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ሲጨምር ይበልጥ ይግላል።

«ብሬከር አለን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ እንደገና ያንብቧቸው። መጋጠሚያው ደኅና ሳለ ኮረንቱ 15.3 አምፔር ነበር፤ ሲበላሽ 14.8 ሆነ። ቀነሰ! የተለመደው ብሬከር የሚዘጋው ኮረንት ከልኩ ሲያልፍ ነው፤ ከተከታታይ ዕቃ የሚመጣ ብልሽት ግን ኮረንትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሶኬቱ እየነደደ ብሬከሩ ምንም ነገር አያይም። በብሬከር ላይ ያለን እምነት ከዚህ በኋላ በልክ ቢሆን መልካም ነው፤ ለአጭር ዙርና ለጭነት መብዛት ጥሩ ዘበኛ ነው፣ ለላላ መጋጠሚያ ግን ዕውር ነው።

ሽቦውን የመቁጠር ነገር የጓሮ ማዕድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። የኤሌክትሪክ መብራት ታሪክ የተወሰነው በዚሁ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ቻርልስ ብራሽ የአሜሪካዋን ክሊቭላንድ ከተማ አደባባይ በአርክ መብራት ሲያበራ መብራቶቹን ያገናኘው በተከታታይ ነበር። ለአደባባይ ይሠራል፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ይበራሉ፣ አንድ ጊዜ ይጠፋሉ። አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹ አብረው እንዳይጠፉም ብራሽ ኮረንቱን በጎን የሚያሳልፍ መሣሪያ ለየመብራቱ መግጠም ነበረበት። ቶማስ ኤዲሰን የፈለገው ግን እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱን ሳያስፈቅድ የሚያበራው የሚያጠፋው የቤት መብራት ነው። ይህ የሚሆነው በትይዩ ብቻ ነው። ትይዩ ደግሞ ዋጋ አለው፤ የአምፖሎቹ ኮረንት ሁሉ ተደምሮ በአንድ ዋና ሽቦ ያልፋል።

በዘመኑ ክር የሚያግል መብራት ይሞክሩ የነበሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ወፍራምና ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ዘንግ ነበር። 100 ዋት የሚፈልግ ባለ 1 ኦም መብራት ብንወስድ 10 ቮልትና 10 አምፔር ይጠይቃል። ባለ 100 ኦም ብናደርገው ለዚያው 100 ዋት 100 ቮልትና 1 አምፔር ይበቃዋል። ሺህ አምፖል ላለበት ሰፈር ልዩነቱ 10,000 አምፔር ወይስ 1,000 አምፔር ነው። በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የመጀመሪያው 100 እጥፍ ሙቀት ያባክናል፤ ብክነቱን እኩል ለማድረግ 100 እጥፍ መዳብ መቅበር ያስፈልጋል። ኤዲሰን ከሒሳብ ሰው ከሆነው ፍራንሲስ አፕተን ጋር ሆኖ ያየው ይህንን ነው፦ ከአምፖሉ በፊት የመዳቡ ሒሳብ መዘጋት አለበት። ስለዚህ ፍለጋው ብርሃን ወደሚሰጥ ማንኛውም ነገር ሳይሆን ወደ ቀጭን፣ ሬዚስታንሱ ከፍተኛ ወደሆነ የካርቦን ክር ዞረ። እ.ኤ.አ. በጥር 1880 የተሰጠው የፈጠራ መብት ጥበቃ ላይም የክሩ ሬዚስታንስ ከፍተኛ መሆን ዋና ነጥብ ነው። አምፖሉን ኤዲሰን ብቻውን ፈጠረ የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ተነቅፏል፤ በትክክልም። ከእሱ በፊትም በእሱም ዘመን የሚያበራ ነገር የሠሩ ነበሩ። የእሱ ብልጫ አምፖሉን ከሽቦው ለይቶ አለማየቱ ነው። መስከረም 4 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ፐርል ስትሪት ሥራ የጀመረው ጣቢያ 110 ቮልት ገደማ በሆነ ቀጥተኛ ኮረንት በማንሃታን ደቡብ ያሉ ጥቂት መንገዶችን አዳረሰ። ከዚያ ብዙ ርቆ መሄድ ግን አልቻለም፤ ሽቦው እንደገና ተከታታይ ዕቃ ሆኖ ቆመበት።

መፍትሔው ያው ነው፦ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ኮረንቱን መቀነስ። ቮልቴጅ በ10 ሲባዛ ለዚያው ኃይል ኮረንቱ አንድ አሥረኛ፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው አንድ መቶኛ ይሆናል። ተለዋዋጭ ኮረንት ዓለምን የወረሰው በትራንስፎርመር በቀላሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይሉን ከጉባ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚልከው በ500 ሺህ ቮልት መስመር ነው። ያን ያህል ቮልቴጅ ያስፈለገው ለጉራ ሳይሆን ከማዕድ ቤቱ ሽቦ ጋር በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ ተከታታይ ግንኙነት ጥሩ ጥያቄ ለሚወድ መምህር የማያልቅ ሀብት ነው። አንድ ባለ 40 ዋትና አንድ ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አገናኝተን 220 ቮልት ብንሰጣቸው የትኛው ይደምቃል? ክፍሉ በሙሉ «መቶው!» ይላል። 40 ዋቱ 1,210 ኦም፣ 100 ዋቱ 484 ኦም ነው። ኮረንቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ 0.13 አምፔር። 40 ዋቱ 20 ዋት ገደማ ያገኛል፣ 100 ዋቱ 8 ዋት ብቻ። በእውነተኛው ዓለም ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ክር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚወርድ 100 ዋቱ ጭራሽ የጠፋ እስኪመስል ይዳከማል። አምፖል ላይ የተጻፈ ዋት የአምፖሉ ጠባይ አይደለም፤ 220 ቮልት ቢያገኝ የሚሰጠው ነው። ምጣድ ላይ የተጻፈው 3,500ም እንደዚያው ነው።

ይህ በተለይ ምሽት ላይ ይታወቃል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያለ ሰፈር የጓሯችን ሥዕል ግዙፍ ቅጂ ነው፤ ቤቶቹ በትይዩ፣ የምሰሶው መስመር በተከታታይ። ሁሉም ራቱን ሲያበስል በመስመሩ መጨረሻ ያለው ቤት 180 ቮልት ቢደርሰው ምጣዱ የሚሰጠው 2,314 ዋት ነው። ቮልቴጁ በ18 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በ33 በመቶ ወረደ፤ እዚህም ካሬዋ አለች። ምጣዱ አልግል ሲል፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ሲል ሊጡን ከመውቀስ በፊት ሰዓቱን ማየት ተገቢ ነው። ያው እንጀራ ረፋድ ላይ ቢጋገር ሌላ ይሆናል።

ድብልቅ ሰርኪት በፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ ቤቶችም ያውቁታል። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ከዚያ ጥንዶቹን በትይዩ ሲያገናኙ 24 ቮልት ያገኛሉ፤ የሚሰጡት ኮረንትም የአንዱን ባትሪ እጥፍ ነው። ቮልቴጁን ወደ 24 ማሳደግ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ አሁን አንባቢ ራሱ መመለስ ይችላል።

ወደ ማዕድ ቤቱ እንመለስና ሽቦውን እንለውጥ። በ1.5 ፈንታ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ብንዘረጋ የ50 ሜትሩ ሬዚስታንስ ከ0.6 ወደ 0.23 ኦም ይወርዳል። ኮረንቱ 15.7 አምፔር፣ በመንገድ የሚቀረው 3.6 ቮልት፣ በሽቦው የሚባክነው 57 ዋት ይሆናል። ምጣዱ በ216 ቮልት ይሠራል፤ ቶሎ ይግላል። አምፖሉ ደግሞ ከዋናው ቤት ማከፋፈያ ሳጥን የራሱን ቀጭን ሽቦ ቢያገኝ ከምጣዱ ጋር የሚጋራው መንገድ ያጥራል። የሚያፈዘው የተጋራው ክፍል ብቻ ነውና ከሳጥኑ በኋላ ምጣዱ ቢሰካ ባይሰካ አይገደውም። ኤሌክትሪሺያኖች «ለምጣድ የራሱ መስመር» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሥራ ለማብዛት ብለው አይደለም። ሽቦ ሲገዙ ውፍረቱን ይጠይቁ፣ በመሐል ቅጥል አያስገቡ፣ ምጣድና ምድጃ በአንድ ዲቫይደር አይሰኩ።

በሚቀጥለው ጋገራ መጨረሻ ላይም አንድ ነገር ያድርጉ። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ እጅዎን ያድርቁ፣ ከዚያ የምጣዱን ሶኬትና ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ በጀርባ እጅዎ ይዳስሱ። ለብ ካለ ደኅና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ፣ መልሰው አይሰኩት፤ መጋጠሚያውን የሚለውጥ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ብሬከሩ ይነግረኛል ብለው አይጠብቁ።